ውሻችን አባቴን ከኩሬው አስቀረብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእርሶ ይሁን እትዬ፣ አምዱን ሁሌ አነባለሁ ግን እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ያውም ስለ ውሻ። እንዳይስቁብኝ ብቻ።

የምንኖረው ኬንት ነው፣ ከሲያትል ወረድ ብሎ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 አመት ልጃችን እና አባቴ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬን ከሀዋሳ አመጣኋቸው፣ አሁን 2 አመት ሊሞላቸው ነው፣ እድሜያቸው 71። መጀመሪያ አካባቢ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር ቁጭ ነበር፣ እኔና ባለቤቴ ስራ፣ ልጁ ትምህርት ቤት፣ እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉ መኪና አይነዱ። አባዬ ያደጉት ሀዋሳ ሀይቅ ዳር አሞራ ገደል ነው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መረብ ሲጎትቱ፣ ቆሮሶ ሲያጠምዱ። እና ከቤታችን በእግር 10 ደቂቃ የምትሆን ኩሬ አለች፣ ሰዎች ትራውት የሚባል አሳ ሲያጠምዱባት አየሁና ላይሰንስ አውጥቼ ዘንግ ገዝቼ ሰጠኋቸው። እትዬ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ፣ ጠዋት ቀድመውኝ ይነሳሉ፣ ሳቁ፣ ወፈሩ፣ አሳውን ራሳቸው አጽድተው ጠብሰው ይጠብቁናል።

ውሻው የልጄ ነው፣ ላብራዶር ድብልቅ፣ 2 አመቱ፣ 30 ኪሎ ይሆናል። ልጄ ማክስ ይለዋል፣ አባዬ ቡቺ ይሉታል፣ ባለቤቴ "ውሻው" ነው የሚለው። ቅዳሜና እሁድ ልጁ ከአያቱ ጋር ሲሄድ ውሻውንም ይዞ ነው የሚሄደው፣ እና እዛ ሲደርስ ያብዳል። ክር ሲወረወር ዘሎ ውሃ ይገባል፣ ማጥመጃውን ሊጡን ከነቆርቆሮው ይበላል፣ አንዴ አባዬ ሳር ላይ ያስቀመጡትን ትራውት አንስቶ ዋጠው። ሌላ ቀን ክር እግራቸው ላይ ጠመጠመባቸውና ወደቁ ጉልበታቸው ተላጠ፣ በማግስቱ ግን ፋሻ አስረው ሄዱ። የዛሬ 3 ሳምንት ቅዳሜ የሌላ አጥማጅ ክር ውስጥ ገብቶ አጠላለፈበት ሰውየው በጣም ጮኸ። አባዬ ማታ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ጎ ሆም አለኝ" አሉ። ከዛን ቀን ወዲህ አልሄዱም። ዘንጉ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ስጠይቃቸው "ይሄ ውሻ ባለበት አልሄድም፣ አሞራ ገደል አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ እንኳን ከኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል" ይላሉ። እሺ ውሻውን ቤት ትተን እንሂድ ስላቸው ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ። ባለቤቴ ሼልተር (የውሻ ማቆያ) እንስጠው ብሏል፣ ልጄ ያንን ከሰማ ጀምሮ አባቱን አያናግርም። አባቴ እንደገና መስኮት ስር ተመልሰዋል። ከአባቴና ከልጄ ማንን ልምረጥ?

— ከኬንት

እህቴ፣ ማን ይስቃል። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ሳነበው የውሻ ጉዳይ መሰለኝ፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን ቀኖቹን መቁጠር ጀመርኩ። አባትሽ ወድቀው ጉልበታቸው ሲላጥ አልቀሩም፣ ፋሻ አስረው ሄደዋል። ቡቺ የያዙትን አሳ ሲውጥባቸውም አልቀሩም። የቀሩት ያ ሰውዬ ከጮኸባቸው ቀን ጀምሮ ነው። ውሻውን ቤት እንተወው ስትያቸው ደግሞ ጉልበቴን አሉ። እንግዲህ ውሻው በሌለበትም የማይሄዱ ከሆነ ያስቀራቸው ነገር ሌላ ነው፣ ቢያንስ ሌላም አለበት።

እስቲ እዛች "ጎ ሆም" ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰውየው ምን ማለቱ እንደነበር እኔም አንቺም አናውቅም፣ ክሩ የተጠላለፈበት ሰው ተናዶ ውሻህን ይዘህ ቤትህ ግባ ብሎም ሊሆን ይችላል፣ የከፋውንም ብሎ ሊሆን ይችላል። አባትሽ ጋ የደረሰው ግን ሁለት ቃል ነው፣ እሱም የሚያውቋቸው ሁለት ቃላት። ሚስታቸውን ቀብረው፣ ባህር ተሻግረው መጥተው፣ ስንት ወር መስኮት ስር ተቀምጠው፣ በመጨረሻ እዚህ አገር የሚያውቁትን አንድ ነገር አገኙ፣ ውሃ፣ ክር፣ አሳ። እዛው ላይ ቤትህ ሂድ ተባሉ፣ መልስ የሚመልሱበት ቋንቋ ደግሞ የላቸውም። እንደሳቸው ያለ ሰው አፍሬ ነው የቀረሁት አይልም፣ ጉልበቴን ነው የሚለው። እና ውሻው ላይ የሚናደዱት እሱ ላይ መናደድ ስለሚቻል ይመስለኛል።

ስለዚህ ከውሻው በፊት እሳቸውን ጠይቂያቸው። ለምን አይሄዱም ብለሽ ግን አይደለም፣ እሱማ ስንቴ ጠይቀሻቸዋል። ቡና አፍልተሽ፣ ባለቤትሽም ልጁም በሌሉበት፣ "አባዬ ያን ቀን እንዴት ነበር?" ብለሽ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው። ምንም አይደለም፣ ፈረንጅ እንደዚህ ነው፣ ምናምን ብለሽ አታቋርጫቸው። ከዛ ሌላ ቀን ላይሰንሳቸውን አውጥተሽ አሳያቸው። ዋሽንግተን ስቴት 15 አመት የሞላው ሰው ሁሉ ያንን ወረቀት ሳይዝ ማጥመድ አይችልም፣ የጮኸባቸው ሰውዬም የያዘው ያንኑ ወረቀት ነው፣ የሳቸው ላይ ደግሞ ስማቸው ተጽፏል፣ እስከ ማርች 31 ድረስ ኩሬዋ ዳር የመቆም መብታቸው ከሱ አያንስም። ይሄን በቃል ከምትነግሪያቸው ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርገሽ ብታነቢላቸው ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ቡቺ። ለባለቤትሽ ሼልተር የሚለው ሀሳብ የመጣው ከጭካኔ አይመስለኝም፣ ቤቱ ውስጥ ሶስት የተከፋ ሰው አለ፣ አንድ ነገር ቢወጣ ይቀላል ብሎ ነው። ግን እስቲ አስቢው፣ ውሻው ሄደ እንበል፣ አባትሽ በማግስቱ ዘንጋቸውን አንስተው ይሄዳሉ? እኔ አይመስለኝም። ልጁ ደግሞ ውሻዬ የሄደው በአያቴ ምክንያት ነው ብሎ ይይዘዋል፣ ይሄ ቶሎ የሚለቅ ነገር አይደለም። እና ሌላም ነገር አለ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ የጻፍሽው፣ ልጁ ማክስ ያለውን ውሻ ቡቺ ያሉት አባትሽ ናቸው። ባለቤትሽ "ውሻው" ሲል እሳቸው ስም አውጥተውለታል። እንደኛ አባቶች ውሻ ግቢ እንጂ ሳሎን አይገባም ብሎ ያደገ ሰው፣ ለማይፈልገው ውሻ ስም ሲያወጣ አይቼ አላውቅም።

ለአባትሽ ብትነግሪያቸው የምወደው አንድ ነገር አለ። ላብራዶር የሚባለው ዘር የመጣው ከአሳ አጥማጆች ቤት ነው። ኒውፋውንድላንድ በምትባል የካናዳ ደሴት፣ በ1800ዎቹ፣ የዚህ ዘር ቅድመ አያቶች ከአጥማጆች ጋር እየወጡ መረብ ሲጎትቱ፣ ከመንጠቆ ያመለጠ አሳ ከውሃ ሲያወጡ ነው የሚውሉት። እስቲ ቁጭ በሉና የቡቺን እግር ገልጣችሁ እዩት፣ በጣቶቹ መሀል እንደ ዳክዬ ቆዳ አለው፣ ጭራውም ወፍራም ነው እንደ መቅዘፊያ የሚያገለግለው። እና ክር ተወርውሮ ውሃው ጠብ ሲል ዘሎ የሚገባው ባለጌ ስለሆነ አይደለም፣ ደሙ ውስጥ ያለው ስራ ጠርቶት ነው፣ አሁን ስራው ሌላ መሆኑን የነገረው ሰው የለም እንጂ። አባትሽ መረብ ሲጎትቱ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ይሄ ነገር ከማንም በላይ እሳቸው ይገባቸዋል።

ታዲያ ማን ይንገረው? ልጁ ማክስ ብሎ ጠርቶ "ሲት" ይለዋል፣ አያቱ ቡቺ ብለው ጠርተው "ተው! ወግድ! ና!" ይሉታል፣ ሌላው ቤተሰብ ምን እንደሚለው እንጃ። ቡቺ ሁለት ስምና ሁለት ቋንቋ ይዞ ነው ኩሬው ጋ የሚደርሰው። አባትሽ ሲጮሁ የማይሰማው ንቋቸው ሳይሆን አንድም ቀን በሳቸው ቋንቋ ያስተማረው ስለሌለ ነው (በነገራችን ላይ ያን ቅዳሜ ኩሬው ዳር ቋንቋ ያልገባቸው ሁለት ነበሩ፣ አባትሽና ውሻው)። እኔ የምለው ስልጠናው በአማርኛ ይሁን። ሶስት ቃል ይበቃል፣ "ና"፣ "ተው"፣ "ቦታህ"። ስሙም ቡቺ ይሁን፣ ልጁን አሳምኚው፣ ኩሬ ስንሄድ የስራ ስሙ ቡቺ ነው በይው፣ ቤት ማክስ ማለቱን ይቀጥል፣ ልጆች እንዲህ አይነት ነገር ይወዳሉ። እና አስተማሪው አያትየው ይሁኑ፣ ልጁ ረዳት። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የቡቺ የማታ ምግብ ከአባትሽ እጅ ብቻ ይምጣ።

ደግሞ ዘዴውን ራሳቸው አባትሽ ነግረውሻል። አሞራ ገደል አባ ኮዳው ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል አሉ አይደል? እስቲ ጠይቂያቸው፣ ለምንድነው ከኋላ የሚቆመው? አሳ የሚያጸዱት ሰዎች ጭንቅላቱን አንጀቱን የሚጥሉት ወደዛ ስለሆነ ነው። ወፉ ጨዋ ሆኖ አይደለም፣ ምግቡ የሚመጣበትን ቦታ ስላወቀ ነው። ቡቺም ልክ እንደዛ ነው የሚማረው፣ ጥሩ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከኋላ ነው፣ ከአንዲት ምንጣፍ ላይ፣ ከውሃው በኩል ግን ምንም አይመጣም።

ምንጣፏ አሮጌ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ትሁን፣ ተጠቅልላ በክንድ ስር የምትያዝ። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ። አባትሽ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ምንጣፏን እግራቸው ስር ያንጥፉ፣ ቡቺ በራሱ ጊዜ ሲረግጣት "ቦታህ" ብለው ቁራሽ ምንጣፏ ላይ ይጣሉለት፣ ከእጃቸው ባይሰጡት ይሻላል እዛው ምንጣፉ ላይ ይልቀም። ወርዶ ከሄደ ዝም፣ ቁጣ የለም፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና። አምስት አምስት ደቂቃ በቀን ሁለቴ፣ ከዛ በላይ ውሻውም ሰውየውም ይሰለቻሉ። ሶስት አራት ቀን ቆይቶ እሱ ራሱ ሄዶ ይተኛባትና አይን አይናቸውን ያያል፣ ያንን ስታዪ አባትሽ ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር እይልኝ። ቁራሹ የተቀቀለ ዶሮ ይሁን፣ የጥፍር ያህል። ከወጥና ከጥብስ የተረፈ ግን እንዳትሰጡት፣ ቀይ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት የሌለበት ምን ወጥ አለ፣ ዘቢብም እንደዛው አይሰጥም።

"ተው" የምትባለው በተዘጋ ጡጫ ነው የምትለመደው። ዶሮውን ጨብጠው አፍንጫው ስር ያድርጉለት፣ ይልሳል ይጎነትላል በእግሩ ይቧጥጣል፣ ዝም ብለው ይያዙ። የሆነ ሰዓት ላይ ይሰለቸውና አፍንጫውን መለስ ያደርጋል፣ ያኔ "ተው፣ ጎበዝ" ብለው ከሌላኛው እጅ ይስጡት። ከሌላኛው እጅ መሆኑን እንዳይረሱ፣ ተው የተባለው ነገር በጭራሽ የሱ አይሆንም፣ ሲተወው ግን ሌላ የተሻለ ይመጣል። ይሄን ሲለምድ ወለል ላይ በተቀመጠ ዶሮ፣ ከዛ እርጥብ ካልሲ በክር ታስሮ ሳር ላይ እየተንፈራገጠ፣ ልክ እንደ አሳው። ልጅሽ ካልሲውን መጎተት የሱ ስራ ይሁን፣ ሳቅ በሳቅ ነው የምትሆኑት።

ሁለተኛው ሳምንት ጓሮ ነው። ዘንጉን ከጋራዥ ታወጡታላችሁ፣ ግን መንጠቆ የለውም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ብቻ ታስሮ። አባትሽ ይወርውሩ፣ ቡቺ ከኋላቸው 5 ወይ 6 ሜትር ርቆ ምንጣፉ ላይ፣ ረጅም ገመድ ሀርነሱ (ደረቱ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) ላይ ታስሮ፣ አንቺ ወይ ባለቤትሽ ይዛችሁት። እያንዳንዱ ውርወራ ሲሰማ ምንጣፉ ላይ ዶሮ ይወድቃል። ጠብ ሲል ዶሮ፣ ጠብ ሲል ዶሮ። ከዛ በኋላ የውሃው ድምጽ ሲሰማ ወደፊት ከመዝለል ይልቅ ወደ ምንጣፉ ማየት ይጀምራል። አያት ዘንግ ይዘው ጓሮ ውስጥ መቆማቸው ራሱ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ኩሬው ጋ ሂዱ ሳትያቸው ዘንጉ እጃቸው ገባ ማለት ነው።

30 ኪሎ ውሻ በ9 አመት ልጅ እጅ ውሃ ዳር መያዝ የለበትም እህቴ፣ ይሄን እንደ እናት ነው የምነግርሽ፣ ውሻው ከዘለለ ልጁም አብሮ ነው የሚገባው። አባትሽም እያጠመዱ ሊሹን (የውሻውን ማሰሪያ) መያዝ የለባቸውም፣ እጃቸው ላይ መጠቅለልማ በጭራሽ። አንድ ትልቅ ሰው ለዘንጉ አንድ ትልቅ ሰው ለውሻው። ሁለት ትልቅ ሰው የሌለበት ቀን ቡቺ ቤት ይቀራል፣ ልጁ ይህንን እንደ ቅጣት እንዳያየው ከአሁኑ ንገሪው።

ሶስተኛው ሳምንት ወደ ኩሬዋ፣ ግን ሰው በማይበዛበት፣ በስራ ቀን ማለዳ ወይ አመሻሽ፣ ዘንግ ሳይያዝ። ምንጣፉን ከውሃው 20 ሜትር ርቃችሁ አንጥፋችሁ 15 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ተመለሱ፣ በቃ። በሚቀጥለው ትንሽ ጠጋ። ቡቺ ዶሮ አልበላ ካለ፣ ወይ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ውሃውን ብቻ ካየ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ተነሱና ራቁ። እዛ ፓርክ ያለውን ምልክትም አንብቡት፣ ብዙ ቦታ ሊሽ ግዴታ ነው፣ ረጅሙን ገመድ የማይፈቅዱም አሉ፣ እዛ አጭሩን ተጠቀሙ። እውነተኛው መንጠቆ ያለበት ዘንግ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ይፍጅ።

ውሃ ደግሞ ጭራሽ አትከልክሉት፣ ላብራዶርን ከውሃ መከልከል ግፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሲያትል ውሰዱትና ማግኑሰን ፓርክ ይዋኝ፣ እዛ ውሻ ያለ ሊሽ ሌክ ዋሽንግተን ውስጥ የሚገባበት የተፈቀደ ቦታ አለ፣ ሬድመንድ ያለው ሜሪሙርም ወንዙ ዳር እንደዛ አይነት ሰፊ ቦታ አለው። ዋኝቶ ደክሞት የመጣ ውሻና ሳምንቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶበት የከረመ ውሻ አንድ አይደሉም። ለመዋኛ ሀርነስ አታድርጉለት፣ ለኩሬው አድርጉለት፣ ሀርነስ ካለ ስራ ነው፣ ከሌለ ጨዋታ፣ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን የምነግርሽን ግን ቁም ነገር አድርገሽ ያዢው። ቡቺ ጥሬ ትራውት ዋጠ ብለሻል። እናንተ ባላችሁበት፣ ከካስኬድ ተራሮች በስተምዕራብ ባለው አገር፣ ሳልመን ፖይዝኒንግ የሚባል የውሻ በሽታ አለ። ሳልመን ይባል እንጂ ትራውትም ይዞት ይገኛል። አሳው ውስጥ ትንሽዬ ጥገኛ ትል አለች፣ ትሏ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ አለ፣ ሰው ላይ ይሄ በሽታ አይመጣም፣ ውሻን ግን ካልታከመ ይገድላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ አሳውን በበላ በሳምንት ውስጥ ነው የሚታየው፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይዝላል። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል፣ ካልተደረሰበት ሁለት ሳምንት እንኳን ላይቆይ ይችላል። አሁን ያኛው ጊዜ አልፎ ደህና ከሆነ ተመስገን ነው፣ ከዚህ በኋላ ግን ቢበላብሽ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ደውለሽ ጥሬ አሳ በልቷል በይ፣ ጥሬ የምትለውን እንዳትረሺ። የበሰለ ችግር የለውም። አባትሽም አሳውን ሳር ላይ ማስቀመጥ ይቅርባቸው፣ ክዳን ያለው ባልዲ ወይ ኩለር ይግዙ፣ አንጀቱና ጭንቅላቱም ቤት ሲጸዳ ወዲያው ታስሮ ክዳን ያለው ቆሻሻ ውስጥ ይግባ።

መንጠቆም እንደዛው ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የውሻዬ ከንፈር ላይ መንጠቆ ተሰክቶ በድንጋጤ ጎትቼው አውቃለሁ፣ መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደኋላ የዞረች ጥርስ አለችው፣ ስትጎትቺው ስጋውን ቀድዶ ነው የሚወጣው፣ ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ከተሰካበት አትጎትቱ፣ ውሻውን ያዙትና ወደ ቬት ሂዱ። ከዋጠው ደግሞ ክሩ ከአፉ ተንጠልጥሎ ብታዪ ክሩን በጭራሽ አትሳቢው፣ አፉ ስር ድረስም አትቁረጪው፣ ረዘም አድርገሽ ተይው ሐኪሙ ይፈልገዋል፣ እንዲያስመልሰው ብለሽም ምንም አትስጪው። ያ የሚሸተው የማጥመጃ ሊጥ ነው ዋናው ችግር፣ ለውሻ አፍንጫ ከዶሮም ይበልጣል፣ መንጠቆ ላይ ያለውንም የሚውጠው ለዛ ነው። ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ሳጥኑ አባትሽ ፊት ለፊት ይቀመጥ። ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ልጁ የተቆራረጠ ክርና መንጠቆ ከሳሩ ላይ ይልቀም፣ የእናንተም ባይሆን።

በበጋ ውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ ወይም እንደ አተር ሾርባ የሆነ ነገር ካያችሁ ቡቺን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ሲያትል ያለው ግሪን ሌክ ላይ እንኳን አንዳንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል፣ ውሻ ከዛ ውሃ ቢጠጣ ወይ ጸጉሩን ቢልስ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ መድሃኒት ብሎ የሚሰጥ ማርከሻ የለውም።

ለባለቤትሽ ደግሞ ቀን ቁረጪለት። እስከ መቼ የሚለው ነገር ነው ሰውን የሚያሰለቸው። ሁለት ወር ስጠኝ በይው፣ በሁለት ወር ውስጥ ቡቺ ምንጣፉ ላይ መቀመጥ ካልለመደ ኩሬው ጋ አይሄድም፣ ቤት ይቀራል፣ አባዬ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ይሄ ሶስተኛ መንገድ ነው እህቴ፣ ሽንፈትም አይደለም፣ ሁሉም ውሻ አሳ ማጥመጃ መሄድ የለበትም። ደብዳቤሽ ውስጥ ያሉት መንገዶች ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አባትሽ ወይ ልጅሽ። ባለቤትሽንም እንደ ዳኛ ከምታስቀምጪው ገመዱን እንዲይዝ ለምኚው፣ ጓሮ ውስጥ ሳምንት ገመድ ይዞ ከቆመ በኋላ አሁንም "ውሻው" ይለው እንደሆነ እናያለን። ልጁም አባቱን ገመድ ይዞ ሲያየው ኩርፊያው የሚላላ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመለሱ አንቺም ሂጂ፣ ከስራ ፈቃድ ጠይቀሽም ቢሆን። ያ ሰውዬ እዛ ካለ አንቺ ቀድመሽ ሄደሽ ስለ ውሻው ይቅርታ ጠይቂው፣ ጥፋቱ የኛ ነበር በይው፣ ክሩን ያበላሸበት የእናንተ ውሻ ነውና። አባቴ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ጎበዝ አጥማጅ ናቸው በይው። አባትሽ እያዩሽ ይሁን። ፊቱ ከተፈታ ጥሩ፣ ካልተፈታም አንቺ የድርሻሽን አድርገሻል፣ ኩሬዋ ሌላም ዳር አላት።

ዛሬ ማታ ግን፣ ከምንጣፉም ከዶሮውም በፊት፣ ልጅሽን ለብቻው ጠይቂው። ቅዳሜ ነበር ብለሻል፣ ቅዳሜ ደግሞ እሱ ከአያቱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ሰውየው ሲጮህ ሙሉውን የሰማው እሱ ነው። ያየውን ለማንም ሳይናገር ሶስት ሳምንት ይዞት ከሆነ ለሱም ከብዶታል። ሰውየው ውሻውን ነው ቤት ውሰዱ ያለው ካለሽ፣ ልጁ ራሱ ለአያቱ በአማርኛ ይንገራቸው፣ ካንቺ አፍ ሲሰሙት ለማጽናናት ያልሽው ነው የሚመስላቸው። ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ አትሸፍኚው፣ አባትሽ ክፉ ቃል ሰምተው ክፉ አልነበረም ሲባሉ ብቻቸውን ነው የሚቀሩት፣ አብራችሁ ተናደዱ፣ ከዛ ደግሞ አብራችሁ ኩሬው ጋ ሂዱ። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።